ልጅቷ በየገጹ እንስሳ ትሆናለች፤ ግን ማንንም አላስደነቀችም። ምን ላድርግ?

ጭራ_ፈላጊዋ

ሰላም ናችሁ? ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የሥዕል መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። አልቋል ብዬ ነበር፤ ሳነበው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ትንግርት የምትባል የ5 ዓመት ልጅ አለች። ጠዋት ስትነሳ ዝሆን ሆናለች። ገጹ ሲገለጥ ቀጭኔ። ከዚያ አንበሳ፣ ከዚያ ጥንቸል፣ ጦጣ፣ ዓሣ፣ ንስር፣ መጨረሻ ላይ ጉጉት። ስምንት እንስሳ ማለት ነው። ከዚያ ትነቃለች፤ ለካ ሕልም ነው። አለቀ።

ለሁለት ልጆች አነበብኩላቸው። ዝሆኑ ላይ ሳቁ። ቀጭኔዋ ላይ ፈገግ አሉ። አንበሳው ላይ ስንደርስ ትልቋ፣ 6 ዓመቷ ነው፣ ጣቷን ገጹ ሥር አስገብታ ልትገልጠው ተቁነጠነጠች። ጥንቸሏን ስታይ «እሺ» አለች። «እሺ» ብቻ! ከዚያ በኋላ ያለውን ያዳመጡት ለኔ አዝነው ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገብቶበታል። «እናቷ ታውቃታለች?» አለኝ። ጽሑፉ ውስጥ እናት የምትባል የለችም። «አዎ፣ ታውቃታለች» አልኩት፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

አንድ ገጽ ላሳያችሁ፦

«ትንግርት ዝሆን ሆነች። ዝሆን ትልቅ ነው። ጆሮው ሰፊ ነው። ኩምቢው ረጅም ነው። ትንግርት በጣም ተደሰተች።»

እንስሳ ልጨምር? ወይስ ያልተለመዱ እንስሳት ልምረጥ? ደግሞ አንድ ዘመዴ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይዞኛል። የግድ ምክር ያስፈልገዋል እንዴ? ሳታባብሉኝ ንገሩኝ።

የቀለም_ብልቃጥ

ሥራዬ ሥዕል ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ይህን ገጽ ሥዪልኝ ብትዪኝ ምን እንደምስል አላውቅም፤ ምክንያቱም ሁሉንም ብለሽዋል። ጆሮው ሰፊ ነው ትያለሽ፣ እኔ ሰፊ ጆሮ እስላለሁ፣ ልጁ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሰማ ማለት ነው። ሥዕሉ የሚናገረውን ከጽሑፉ ላይ ሰርዢው። ጽሑፉ «ዛሬ በሩ ትንግርትን ትንሽ ጠበባት» ብሎ ዝም ይበል። እኔ በሩ ላይ የተቀረቀረ የዝሆን ቂጥ እስላለሁ። (ልጆች ቂጥ ይወዳሉ፤ ይቅርታ።) ዝሆን የሚለው ቃል ገጹ ላይ የትም አይኑር። ልጁ ራሱ ጮኾ ይነግርሻል፤ ያኔ ያገኘው እሱ ነው።

እንስሳ መጨመሩን እርሺው። መቀነስ ነው ያለብሽ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ሰው ዝም ብሎ የወሰነው ቁጥር አይደለም፤ የማተሚያ ቤቱ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለት ሲሆን 32። ከዚህ ላይ ለርእስና ለአሳታሚ መረጃ የሚሄደውን ቀንሺ። ግራና ቀኝ ተከፍቶ የሚታየውን እንደ አንድ ብንቆጥረው 14 ያህል ይተርፍሻል። አንድ መለወጥ ደግሞ ሁለት ይበላል፤ አንዱ ልትለወጥ ስትል፣ ሌላው ከተለወጠች በኋላ። ስምንት እንስሳ 16 ሊሆን ነው። አይገባም። አምስት እንስሳ 10 ይወስዳል፤ ለመግቢያና ለመጨረሻ አራት ይቀርሻል። በቃ።

«ሁለት ይበላል» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የሥዕል መጽሐፍ ድንገቴው ያለው ገጹ ሲገለጥ ነው። ልጅቷንም እንስሳዋንም ጎን ለጎን ካስቀመጥሻቸው ዓይን ቀድሞ ይዘልና ነገሩ ይበላሻል። በቀኝ ገጽ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ልክ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ ፍንጭ አድርጊ። ለምሳሌ ትንግርት ብርድ ልብስ ተከናንባለች፤ ከሥሩ ግን አንድ ቀጭን ነገር ብቅ ብሏል፣ ጫፉ ላይ የፀጉር ጉንጉን አለው። ልጁ «አንበሳ!» ይላል። ሲገለጥ ቀጭኔ። ጭንቅላቷን እዚያ አላሳይም። እግርና ሆድ ብቻ፣ አንገቷ ገጹን አልፎ ወጥቶ ይሄዳል። ጭንቅላቷ በሚቀጥለው ገጽ ከላይ ቁልቁል ይመጣል።

የ4 ዓመቱ ልጅ ጥያቄ ለኔም ሥራ ነው። ምንም ትሁን ምን፣ ትንግርት መሆኗን የሚያሳብቅ አንድ ነገር ከሷ አይለይ። ቢጫ ሪባን በዪው። ዝሆን ስትሆን ጆሮዋ ሥር፣ ዓሣ ስትሆን ክንፏ ላይ። ልጆች በየገጹ ሪባኑን ፍለጋ ይገባሉ፤ ካገኙት ይረጋጋሉ። እንስሳዋ ትንሽ ስትሆን ሪባኑ ሊበልጣት ይችላል፣ ያም ያስቃል። ደግሞ ስትለወጥ መሃሉን፣ ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆነችበትን፣ እንዳታስሥዪው። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ክፍል_ውስጥ

መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ካሉት ጋር ነው የምውለው። በየቀኑ ከትንግርት አይነቱ ጋር ማለት ነው።

አንድ ልጅ አለኝ፣ ጠዋት ጅብ ሆኖ ነው የሚመጣው። ውሃ በብርጭቆ ስሰጠው አይቀበለኝም። «ጅብ ነኝ እኮ! ጅብ በብርጭቆ አይጠጣም» ይላል። በሳህን ላምጣልህ ስለው ደግሞ ትክ ብሎ ያየኝና «የምሬን አይደለም» ይለኛል። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ልጆች ጅብ እንዳልሆኑ ያውቃሉ። የሚጣፍጣቸው የጅብ አካል ይዘው የልጅ ጣጣ ውስጥ መግባቱ ነው። ያንቺ ትንግርት ዝሆን ሆና ምን አደረገች? ተደሰተች። ከዚያስ? ምንም። ዝሆን ሆና ኮት ልትቆልፍ ብትሞክር፣ ዝሆን ሆና ደረጃ ብትወጣ፣ ዝሆን ሆና ገመድ ዝላይ ብትገባ ኖሮ ክፍሌ በሙሉ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

ጥንቸሏ ላይ «እሺ» ያለችው ልጅ ትክክል ናት። ለምን ጥንቸል ሆነች? ምክንያት የለውም። በየገጹ አዲስ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ካየሽው አራተኛው አይገርምም። ልጆች የሚደነቁት የሚገምቱት ነገር ኖሯቸው ግምታቸው ሲሳሳት ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ ስጪያቸው። መቼ ትለወጣለች? ምን ስታደርግ? ደንቡን ሁለተኛው ላይ ይይዙታል፣ ሦስተኛው ላይ ካንቺ ቀድመው ይጮኻሉ፣ ያኔ ደግሞ ያልጠበቁትን እንስሳ ታመጪባቸዋለሽ።

እኔ ብሆን የፈለገችውና የሆነችው እንዳይገጥሙ አደርጋለሁ። ድብብቆሽ ስትጫወት መደበቅ ትፈልጋለች፤ ቀጭኔ ትሆናለች። መፍጠን ትፈልጋለች፤ ቀንድ አውጣ። እንደ ፈለገችው ከሆነችማ ታሪክ የለም።

ስለ እናት። ያ ልጅ መጽሐፉን ጽፎልሻል እኮ! አንበሳ አላስፈራውም። ያስፈራው «እናቴ ባታውቀኝስ» የሚለው ነው። እናቲቱን አስገቢያት፤ ግን በፍጹም እንዳትደነግጥ። ዝሆን መጥቶ ቁርስ ላይ ሲቀመጥ «ትንግርት፣ ጆሮሽን ታጥበሻል?» ትበል። በቃ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ታረጋጋለችም፣ ታስቃለችም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። ይህ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ደክሞት የመጣ አዋቂ ነው። ስትለወጥ የምትሰማ ድምፅ ይኑራት፣ ሁሌም ያቺው። «እስ… ስ… ስ… ጧ!» አይነት ነገር። ልጆቹ «እስ» ይላሉ፣ አንባቢው ገጹን ይዞ ያስጨንቃቸዋል፣ «ጧ» ሲባል ይገለጣል።

አባ_ጠይቅ

ዘመድሽ የጠየቀውን ማንም አልመለሰም። ትምህርቱ ምንድን ነው? ልጅ እንስሳ ሆነ፣ ቂጡ በር ላይ ተቀረቀረ፣ ሳቅን፣ ተኛን። ተረት ላይ እኮ እያንዳንዱ እንስሳ ሥራ አለው። ጅቡ ሆዱ ያጠፋዋል፣ ቀበሮዋ ብልጠቷ ያተርፋታል፣ ልጁ ከዚያ የሚይዘው ነገር አለ። አሁን አሁን የሚጻፈው ሁሉ ሳቅ ብቻ ሆኗል። ምክር የሌለው የልጅ መጽሐፍ ለኔ ባዶ ወረቀት ነው።

ክፍል_ውስጥ

አባ ጠይቅ፣ እንዲህ የሚሉትን ወላጆች አውቃቸዋለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ግን መጨረሻው ላይ «ልጆች፣ ስለዚህ…» የሚል ገጽ ያለበትን መጽሐፍ ሳነብ ልጆቹ እዚያ ገጽ ላይ ጫማቸውን መፍታት ይጀምራሉ። ትምህርት ካለው ታሪኩ ውስጥ ይግባ። ሆን ተብሎ ጫፉ ላይ ሲቀጠል ልጅ ይሸተዋል።

አውሬ_አዋቂ

እኔ ልጅ የለኝም፣ ሥዕልም አልችልም። ስለ እንስሳት ማንበብ ግን እወዳለሁ፤ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ለምን ሁሌ ዝሆን ትልቅ፣ ቀጭኔ ረጅም፣ ጥንቸል ፈጣን? ይህን ልጁ ያውቀዋል። መለወጧ ውሸት ስለሆነ ቢያንስ የተለወጠችበት አካል እውነት ይሁን። እውነቱ ከውሸቱ ይልቅ የሚያስገርም ነው።

ቢራቢሮ በእግሯ ነው የምትቀምሰው። አስቡት እስቲ። ምግብ አልቀምስም ብላ ያስቸገረች ልጅ ቢራቢሮ ብትሆንና ሳህኑ ጠርዝ ላይ ብታርፍ፣ ቀመሰች ማለት ነው! ሳታውቀው።

ቀንድ አውጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች አሏት። ጥቃቅን ናቸው፣ ምላስ በሚመስል ነገር ላይ ተደርድረው ነው ያሉት። ጥርሷን መቦረሽ የማትወድ ልጅ ቀንድ አውጣ ብትሆን እናትየዋ ምን ይውጣታል?

እንቁራሪት ስትውጥ ዓይኖቿን ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ዓይኖቿ ምግቡን ወደ ታች ለመግፋት ይረዷታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉርሻ ዓይኗ ይጠፋል፣ ይመለሳል። አዞ ምላሱን ማውጣት አይችልም። እና ወንድሟ ላይ ምላስ ልታወጣ የነበረች ልጅ አዞ ብትሆን በጣም ትበሽቃለች። ጉጉት ዓይኖቿን ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ አትችልም፤ በምትኩ አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። ሙሉ ዙር ትዞራለች የሚሉ አሉ፣ ያ አይደለም። ቀጭኔ ያን ሁሉ አንገት ይዛ የአንገት አጥንቷ ሰባት ነው፤ የኔም፣ ያንቺም ሰባት ነው።

አንበሳውን ደግሞ እንዳትጥዪው። ሁሉም እንዲያገሳ ይጠብቃል። አንበሳ ግን በቀን እስከ 20 ሰዓት ተጋድሞ የሚውል ፍጡር ነው። መተኛት የማትፈልግ ልጅ አንበሳ ትሁን፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ግሳት ይጠብቁ፣ እሷ ግን ዘፍ ብላ ትተኛ። «ክፍል ውስጥ» ያለችውን አለመግጠም እዚህ ታገኚዋለሽ።

ከላይ ስለ ገመድ ዝላይ የተባለው ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ያደገ ዝሆን አይዘልም። አራቱንም እግሩን ከመሬት ማንሳት አይችልም። ሥዕሉ ላይ ገመዱ ይበጠስ።

አደራ፣ ጃርት ከመረጥሽ እሾኋን እንዳታስወረውሪያት። አትወረውርም። እሾኋ በቀላሉ ይነቀልና የነካት ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ። እስስትንም ምንጣፍ ላይ ስትሆን ምንጣፍ፣ መጋረጃ ላይ ስትሆን መጋረጃ አታድርጊያት። ቀለሟን የምትለውጠው በአብዛኛው ስሜቷንና ለሌሎች የምትናገረውን ለማሳየት፣ እንዲሁም ሙቀቷን ለማስተካከል ነው። ስትናደድ ብትደምቅ ይሻላል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ያ የበለጠ ይገባዋል።

ጭራ_ፈላጊዋ

ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። የቢራቢሮዋ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ደንቡንም ያገኘሁት ከሷ ነው።

ትንግርት «አልፈልግም!» ስትል ትለወጣለች። ይኸው ነው ደንቡ። የተለወጠችበት እንስሳ ደግሞ እምቢ ያለችውን ነገር በሆነ መንገድ ያስደርጋታል ወይ ያባብስባታል። አምስት አስቀርቻለሁ። ጫማ አላደርግም ስትል ሸረሪት፤ እናቷ ስምንት ጫማ ፍለጋ ትገባለች። አልቀምስም፣ ቢራቢሮ። አልታጠብም፣ ዝሆን፤ ኩምቢዋ ራሱን ችሎ ይረጫል። ጥርሴን አልቦርሽም፣ ቀንድ አውጣ። አልተኛም፣ አንበሳ። ጥንቸል፣ ጦጣ፣ ዓሣና ንስር ደህና ሁኑ። ጉጉቷን መሰረዝ ትንሽ አሞኛል።

የቢራቢሮዋ ገጽ አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«ትንግርት፣ እስቲ ቅመሺው።»
«አልፈልግም!»
እስ… ስ… ስ…

(ገጽ ይገለጣል)

ጧ!
«ሳህን ላይ አይቆምም» አለች እናቷ።
ትንግርት ልትነሳ አለች። ግን እግሯ ጣፈጣት።
ስድስቱንም አሳረፈች።

የቀንድ አውጣዋ ደግሞ፦

ጧ!
«በይ አፍሽን ክፈቺ» አለች እናቷ።
ትንግርት ከፈተች።
እናቷ ብሩሹን አየችው። ጥርሶቹን አየቻቸው።
ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በሺዎች የሚቆጠሩ» የሚለውን አልጻፍኩትም፤ ሥዕሉ ላይ ይታያል ብዬ ነው። ትክክል ነኝ የቀለም ብልቃጥ?

የቀረኝ መጨረሻው ነው። ሕልሙን አልወደዱልኝም፤ የ6 ዓመቷ ልጅ «ታዲያ አልሆነችማ!» ብላ ተቆጣችኝ።

የቀለም_ብልቃጥ

ትክክል ነሽ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን እናት መሣል ገና አሁን አማረኝ። የሸረሪቷ ገጽ ላይ ደግሞ ስምንቱ ጫማ እንዳይመሳሰሉ። ሁለቱ የራሷ፣ ሁለቱ የአባቷ፣ አንድ ቦቲ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ ሁለቱ የአሻንጉሊት። ስለ ጫማዎቹ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቃል አትጻፊ። ልጆች ይቆጥሯቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቢራቢሮዋንና ሸረሪቷን መሃል ማጠፊያው ላይ የሚያሳርፍ ሠዓሊ እንዳይገጥምሽ። መጽሐፉ ሲጠረዝ መሃሉ ይዋጣል፤ ትንሽ እንስሳ እዚያ ከገባች ጠፋች ማለት ነው።

ማታ_አንባቢ

የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ማታ ማታ የማነበው እኔ ነኝ። ሕልም የሚባለውን መጨረሻ እባካችሁ ከዓለም አጥፉልኝ። ልጁ አብሯት ሸረሪት ሆኖ፣ ጫማ ቆጥሮ፣ «ጧ» ብሎ ጮኾ ሲያበቃ «አልሆነም ነበር» ይባላል። የተሰጠውን ነገር ከእጁ መንጠቅ ነው። ልጄ አንዴ እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ሲያልቅ ወደ መሃሉ ገልጦ «እዚህ ጋ ሆኖ ነበር» አለኝ። እሱ ልክ ነው።

«ነቃች፣ ግን ጭራዋ ቀርቶ ነበር» የሚለውንም አትሞክሪው። ሁሉም ያደርገዋል። ከሩቅ ይታወቃል።

ደንብ አለሽ አይደል? ደንቡ ይጨርሰው። ደንቡ «ትንግርት አልፈልግም ስትል ትለወጣለች» ነው ብለሽናል። ልጆቹም እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ግን «አልፈልግም ያለ ሁሉ ይለወጣል» ቢሆንስ? ትንግርት አንበሳ ሆና ተኝታለች። እናቷ ቀኑን ሙሉ ጫማ ስትፈልግ፣ ጥርስ ስትቦርሽ ውላ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። አባትየው ከማድ ቤት «ሳህኑን አንቺ ታጥቢያለሽ?» ይላል። እናቲቱ «አልፈልግም!» ትላለች።

እስ… ስ… ስ…

ክፍል_ውስጥ

አይ! ጮኽኩ እኮ! የልጆቼን ፊት አየሁት። ደንቡን ሲጠብቁ ቆይተው ከማይጠብቁት ሰው ላይ ሲወድቅ። እዚያው ላይ አቁሚው። ምን እንደሆነች እንዳታሳዪ። በማግስቱ ወረቀት አድላቸዋለሁ፣ እያንዳንዱ የራሱን እናት ይሥላል።

ማታ_አንባቢ

ላንቺ በማግስቱ ነው፣ ለኔ ከምሽቱ 2:30 ነው! ሳላሳያቸው መብራት ባጠፋ የሚያስተኛኝ ያለ ይመስልሻል? «አባ ምን ሆነች፣ አባ ምን ሆነች» ሲሉ ያድራሉ። አሳዪ።

የቀለም_ብልቃጥ

መሃል ቤት አለ። የመጨረሻዋ ገጽ፣ 32ኛዋ፣ ብቻዋን በግራ በኩል የምትቆም ናት። ገልጠው ነው የሚደርሱባት፣ ስለዚህ ለ«ጧ» የተሠራች ናት ማለት ይቻላል። ጽሑፍ አይኑራት። ሶፋውን ከጀርባው በኩል ብቻ እስላለሁ፤ የተቀመጠችው አትታይም፣ ግን ሶፋው የሆነ ነገር ሆኗል፤ ተንጋዷል ወይ ተቦጭቋል ወይ ውሃ ይንጠባጠብበታል። አባትየው ሳህን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ብቻ ይታያል። ያየውን እኛ አናይም። ለማታ አንባቢ መልስ አለው፣ ምክንያቱም ሶፋውን አይቶ መገመት ይቻላል። ለክፍል ውስጥም የሚሣል ነገር ተረፈ።

አባ_ጠይቅ

ቆይ ግን። ልጅቷ አልፈልግም ባለች ቁጥር ጨዋታ ካገኘች፣ ልጆቻችን አልፈልግም እንዲሉ እያስተማርን አይደለም? እኔ ቤት ይህ ቃል ያለመጽሐፍም ሞልቷል።

ጭራ_ፈላጊዋ

ጋሽ ጠይቅ፣ ይህንን እኔም አስቤዋለሁ፤ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን ይዩት፤ አልቀምስም ብላ ቀመሰች። አልታጠብም ብላ በራሷ ኩምቢ ታጠበች። አልተኛም ብላ ከሁሉም ቀድማ ተኛች። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አልመከራትም፣ እናቷም አላውቃትም አላለችም። እምቢ ያለችው ሁሉ ግን ተደረገ። እርስዎ የሚሉት ትምህርት ይሄ ካልሆነ ሌላ የለኝም። አልፈልግም ማለቱንስ ከኔ መጽሐፍ በፊትም ያውቁታል፤ ራስዎ ነግረውናል።

ለአሁን እንዲህ ላደርግ ነው። ስምንት ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፌ እደራርባለሁ፣ 32 ገጽ ይሆናል። ሥዕሉን በዱላ ሰው ደረጃ እሞነጫጭርበታለሁ፣ ጽሑፉን በእርሳስ እጽፍና ለሌሎች ልጆች አነባለሁ፤ ለነዚያ ለሁለቱ አይደለም፣ እነሱ ትንግርትን ያውቋታል። የት ላይ ገጹን ሊገልጡ እንደሚቸኩሉና የት ላይ ጣሪያ ማየት እንደሚጀምሩ ጠርዙ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የሸረሪቷ ገጽ መጀመሪያ ይሁን ወይስ ሁለተኛ የሚለውን አልወሰንኩም። ሸረሪት የሚፈሩ ልጆች አሉ፣ መክፈቻ ላይ ከመጣች መጽሐፉን ሊዘጉት ይችላሉ።

ክፍል_ውስጥ

ዝሆኑን አስቀድሚው። ትልቅ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ደንቡን ሳይጨነቁ ይይዙታል። ሸረሪቷ ሦስተኛ ትሁን፤ እስከዚያ ሪባኑን መፈለግ ስለሚለምዱ ሸረሪት ሳይሆን ትንግርትን ነው የሚያዩት። ሪባኑ ቢጫ ከሆነ ቢራቢሮዋን ቢጫ እንዳታደርጓት፣ ይጠፋባቸዋል።

አውሬ_አዋቂ

ሸረሪቷ ስምንት ዓይን ሊኖራት ይችላል፤ አብዛኞቹ አላቸው። ሥዕሉ ላይ ሁሉም ዓይኖቿ ጫማዎቹን ይዩ።

አባ_ጠይቅ

ትምህርቱ አሁንም በደንብ አልታየኝም። እናቲቱ ግን ጉማሬ ናት መሆን ያለባት። ሶፋው ለሁለት ይሰበር።